በሬው ቀዩን ጨርቅ አይጠላውም፦ ስለ እንስሳት ዓይን ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም አንድ መልስ እየተደጋገመ መጣብኝ፦ «ድመት በጨለማ የምታየው ዓይኗ ብርሃን ስለሚያመነጭ ነው።» አንድ ልጅ ብቻ ቢጽፈው ኤክስ አድርጌ አልፈው ነበር። ሰባት ልጆች በአንድ ቃል ጽፈውታል። ክፍል ገብቼ ከየት እንዳመጡት ስጠይቅ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ከራሳችን አይደለም፤ ጽሑፍ ላይ አንብበን ነው» አለኝ። በእረፍት ሰዓት ስልኩን ተቀብዬ ቆሜ አነበብኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ደገምኩት።

ጽሑፉ የእንስሳትን ዓይን ከሰው ዓይን ጋር ያወዳድራል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የድመትና የጅብ ዓይን ከውስጡ ብርሃን ይረጫል። ከብትና ውሻ ጥቁርና ነጭ ብቻ ያያሉ፤ በሬ ደግሞ ቀይ ሲያይ ይቆጣል። ሬቲና፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ እንደ ድሮው ካሜራ ፊልም ዝም ብሎ ብርሃን ይቀበላል፤ ሥራው ሁሉ የአንጎል ነው። የሰው ሬቲና የተገለበጠ ስለሆነ ከኦክቶፐስ ሬቲና ያንሳል። የቀለም ሕዋሱ የበዛ እንስሳ የተሻለ ያያል። በመጨረሻም ዳፍንት በሽታ ሳይሆን የሰው ዓይን የተፈጥሮ ድካም ነው።

ጸሐፊው ለአማርኛ አንባቢ ሳይንስ ለማቅረብ መድከማቸውን ከልቤ አከብራለሁ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በቋንቋችን ስንት ጊዜ እናገኛለን? ንስር ከሰው በጣም አርቆ ያያል ማለታቸውም ትክክል ነው። ሌላውን ግን ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ሆኜ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። የመጨረሻው ነጥብ ደግሞ ልጅ ሊያሳውር የሚችል ነው።

ዓይን ብርሃን ይረጫል ከሚለው ልጀምር። ማታ አምሽቶ በባጃጅ ወደ ጅሬን የወጣ ሰው ጅብ ሳያጋጥመው አይቀርም። አረንጓዴ ፍም የመሰሉ ሁለት ነጥቦች መንገድ ዳር ይበራሉ። ባጃጁ ታጥፎ መብራቱ ወደ ሌላ ሲዞር ነጥቦቹ ድርግም ይላሉ፤ ጅቡ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። የራሱ ብርሃን ቢኖረው ኖሮ የእኛን መብራት ባልጠበቀ ነበር።

ይህን ለተማሪዎቼ በቃል ብቻ አላስተምርም። በየዓመቱ ከሠፈራችን ሉካንዳ ሁለት ሦስት የበሬ ዓይን በፌስታል ይዤ ክፍል እገባለሁ። ነጩን ሽፋን ዙሪያውን በምላጭ ስንቆርጠው የፊተኛው ግማሽ እንደ ክዳን ይነሣል። ውስጡን የሞላው፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለገው ነገር ይወጣል። የኋለኛው ግማሽ ውስጥ ከሶፍት የሳሳ፣ ግራጫ፣ የተሸበሸበ ነገር ይቀራል። ሬቲና እሱ ነው። በጣት ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ይላቀቃል፤ አልለቅም የሚለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የዓይን ነርቭ በሚወጣበት ነጥብ። ሬቲናው ገለል ሲል ከሥሩ ብቅ የሚለው ነገር ሁልጊዜ ክፍሉን ያስጮኸዋል፦ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ሽፋን። ታፔተም ይባላል። አንዷ ተማሪ ባለፈው ዓመት፣ «ቲቸር፣ በሬ ሆድ ውስጥ እንኳ እንዲህ የሚያምር ነገር የለም» ያለችኝን አልረሳውም።

ታፔተም መስታወት ነው። ወደ ዓይን የገባው ብርሃን ሬቲናውን ሲያቋርጥ የተወሰነው ክፍል በሕዋሳቱ ሳይያዝ ያመልጣል። ታፔተሙ ያመለጠውን ይመልሰዋል፤ ሕዋሳቱም ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። ያኔም ያልተያዘው በብሌኑ በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ እኛ በባጃጅ መብራት የምናየው ይህንኑ ነው። ድመት፣ ውሻ፣ ጅብ፣ በግ፣ ከብትና ፈረስ ታፔተም አላቸው። ሰው፣ ጦጣና አሳማ የላቸውም። ነገሩ ዋጋም ያስከፍላል፤ የተመለሰው ብርሃን በመጣበት መንገድ በትክክል ስለማይመለስ ምስሉ ይደበዝዛል። ድመት እኛ ለማየት ከሚያስፈልገን ብርሃን በስድስተኛው ያህል ትረካለች፤ የነገሮችን ጥራት ግን እንደ እኛ አትለይም። ምንም ብርሃን በሌለበት ድፍን ጨለማ ውስጥ ደግሞ ድመትም ጅብም አያዩም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ሁለት የማይታረቁ ነገሮች ተናግረዋል። በሬ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያይ ከሆነ ቀዩ ጨርቅ ለእሱ ቀይ አይደለም፤ ታዲያ በምኑ ይቆጣል? እውነቱ ሁለቱም ስህተት መሆናቸው ነው።

ሬቲና ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ሮድ የሚባሉት ለደብዛዛ ብርሃን፣ ኮን የሚባሉት ለቀን ብርሃንና ለቀለም ናቸው። አንድ ኮን ብቻውን ቀለም አያውቅም፤ የሚያውቀው ስንት ብርሃን እንደያዘ ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው የተለያየ ቀለም የሚመርጡ ኮኖች የያዙት ሲነጻጸር ነው። ስለዚህ ቀለም ለማየት ቢያንስ ሁለት ዓይነት ኮን ያስፈልጋል፤ ከብትም ውሻም ሁለት ሁለት አላቸው። ቀለም የሚለካው በብርሃን ሞገድ ርዝመት፣ በናኖሜትር ነው፤ የከብት ኮኖች ይበልጥ የሚነቁት በ451 እና በ555 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ብርሃን ነው፤ የውሻ በ429 እና በ555 አካባቢ። ሰማያዊንና ቢጫን አሳምረው ይለያሉ። የሚምታታባቸው ቀይና አረንጓዴ ነው። እኛ ሦስት ዓይነት አለን፤ በ420፣ በ530 እና በ560 ናኖሜትር አካባቢ። የበሬ ግጥሚያ ላይ በሬውን የሚያስነሳው የጨርቁ መወዝወዝ ነው፤ ሰማያዊ ጨርቅ ቢያወዛውዙለትም ይወረወራል።

እዚህ ላይ ጅማ ለሚኖር ሰው ከቡና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በጥቅምትና በኅዳር አጋሮ አካባቢ ቡና ውስጥ ግቡ። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴው፣ ቢጫ የጀመረውና ቀዩ እሸት ተደባልቆ ተንጠልጥሏል። ለቃሚዋ ቀዩን ብቻ እየመረጠች ቅርጫቷን ትሞላለች፤ ጣቷ ከዓይኗ እኩል ይሄዳል። ከላይ ከግራሩ ላይ የተቀመጠች ጦጣ ባለቤቱ ዞር ሲል ወርዳ የምትለቅመውም ቀዩን ነው። ከአጥሩ ሥር የምትግጥ ላም ግን ያንን ቅርንጫፍ ቀና ብላ ብታየው ቀዩ ፍሬ ከአረንጓዴው ቅጠል በቀለሙ ተለይቶ አይወጣላትም፤ ሁለቱም ወደ አንድ ዓይነት ቢጫማ ቀለም ይጠጉባታል።

ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛና ሰው ይህን ችሎታ ያገኙት ከአንድ የጋራ ዘር ነው። ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ የኮን ጂን ተባዝቶ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ እየተለያዩ ሄደው አንዱ ወደ ቀይ ሌላው ወደ አረንጓዴ አዘነበለ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች የሆኑት ጂኑ ያለው በዚሁ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ነው፤ ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፣ እሱ ከተበላሸ መተኪያ የለውም። በክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ ነበረኝ፤ ቤተሰቡ ቡና ሲለቅሙ አረንጓዴ ቀላቀልክ እየተባለ ይቆጡት ነበር። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ የገባው እኔ ዘንድ ሲማር ነው።

አሁን ይበልጥ ወደሚያንገበግበኝ ነጥብ ልምጣ፤ ሬቲና እንደ ፊልም ነው ወደሚለው። ፊልም የወደቀበትን ብርሃን ሁሉ ሳይመርጥ ይመዘግባል። ሬቲና እንዲህ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ አይገጥምም። በአንድ የሰው ዓይን ውስጥ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ሮዶችና ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን የሚደርሱ ኮኖች አሉ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ያሉት ክሮች ግን 1 ሚሊዮን ያህል ናቸው። መቶ ሰው የተናገረውን አንድ መልእክተኛ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። መልእክተኛው ከመነሣቱ በፊት የሚነገረው ተመርጦና ተጠቃሎ ማለቅ አለበት፤ ያ ሥራ የሚሠራው እዚያው በስሷ ግራጫ ሽፋን ውስጥ ነው።

ምን ይመረጣል? ተመራማሪው ስቲቨን ኩፍለር እ.ኤ.አ. በ1953 የድመት ሬቲና ላይ ያገኘውን ላስረዳ። ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት ሕዋሳት፣ ጋንግሊዮን የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው የሚጠብቁት ትንሽ ክብ ቦታ አላቸው። ከእነሱ ግማሾቹ ብርሃን መካከሉ ላይ ሲወድቅ ይነቃሉ፤ ብርሃኑ ዙሪያው ላይም ሲወድቅ ግን ይታፈናሉ። ሌሎቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ነገር እኩል የበራበት ቦታ ለእነሱ እንደ ዜና አይቆጠርም። የሚያወሩት ስለ ልዩነት ነው፤ ጠርዝ ያለበትን፣ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበትን። መጽሐፍ ይዛችሁ ቀትር ላይ በረንዳ ላይ አንብቡ፣ ከዚያ ጓዳ ግቡ። ጥቁሩ ፊደል ፀሐይ ላይ ሳለ ወደ ዓይናችሁ የላከው ብርሃን፣ ነጩ ወረቀት ጓዳ ውስጥ ከሚልከው ይበልጣል። ያም ሆኖ ፊደሉ በሁለቱም ቦታ ጥቁር፣ ወረቀቱም በሁለቱም ቦታ ነጭ ነው። ፊልም ቢሆን ይህን አያደርግም።

የእንቁራሪት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በክረምት ቦዬ ረግረግ ዳር የቆመ ሰው እንቁራሪት ዝንብ ስትይዝ ያየው ነገር አለ፦ ዝንቡ ዝም ካለ እሷም ዝም፤ ገና ነቅነቅ ሲል ምላሷ ደርሷል። ጄሮም ሌትቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ከእንቁራሪት የዓይን ነርቭ ላይ ሲያዳምጡ፣ ትንሽ፣ ጥቁርና የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ ብቻ የሚጮኹ ክሮች አገኙ። ዝንብን ከሌላው ዓለም የመለየቱ ሥራ አንጎል ጋ ሳይደርስ ዓይን ውስጥ ተጀምሯል ማለት ነው። ጥንቸልም አላት። ሆራስ ባርሎውና ዊሊያም ሌቪክ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሳዩት፣ በሬቲናዋ ውስጥ አንድ ነገር ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚነቁ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመለስ ግን ጸጥ የሚሉ ሕዋሳት አሉ። አቅጣጫን ማስላት ትልቅ ሒሳብ ነው። ጥንቸል ይህን የምትሠራው እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ነው።

ሌላም አለ። በእኛና በሁሉም የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ዓይን፣ ሮድና ኮን ይበልጥ የሚሠሩት በጨለማ ነው። በጨለማ ኤሌክትሪክ ሲመላለስባቸው፣ ኬሚካላዊ መልእክትም ሲያፈሱ ይቆያሉ፤ ብርሃን ሲመጣ ኤሌክትሪኩ የሚገባባቸው በሮች ይዘጋሉ፣ መልእክቱም ይቀንሳል። የንብና የዝንብ ዓይን ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ብርሃን ሲመጣ በሩ ይከፈታል። የአንዱ «አዎ» የሌላው «አይ» ነው፤ ሁለቱም ያያሉ። ጸሐፊው የእንስሳትን ዓይን ሲያወዳድሩ እንዲህ ያለውን ልዩነት ትተው ማን ይበልጣል ወደሚለው መሄዳቸው ያሳዝነኛል፤ የጉዳዩ ጣዕም ያለው እዚህ ነበር።

የተገለበጠው ሬቲና ላይ አልቆይም። እውነት ነው፣ የእኛ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ከኋላ ናቸው፤ ብርሃን ሌሎቹን የሕዋስ ድርብርቦች አልፎ ነው የሚደርሳቸው። የኦክቶፐስ ከፊት ናቸው። ይህን ወደ ብልጫ ለመቀየር ግን መቸኮል አይገባም። የእኛዎቹ ከኋላ የሆኑት ከሚመግባቸው ጥቁር ሽፋን ጋር ተጠግተው ነው። ይህ ሽፋን ያረጀውን የሮድ ጫፍ በየቀኑ እየበላ ያጠፋል፤ ሮዱም በአሥር ቀን ገደማ ጫፉን ሙሉ በሙሉ ያድሳል። ጥርት አድርገን የምናይበት ማዕከላዊ ነጥብ ላይ ደግሞ የፊተኞቹ ድርብርቦች ወደ ጎን ተገፍተዋል። ኦክቶፐስ በበኩሉ ሬቲናው ውስጥ ከላይ የገለጽኩት ዓይነት የማጣራት ሥራ የለም፤ ሁሉንም ወደ አንጎሉ ይልካል። የብርሃን መቀበያ ቀለሙም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ከሌላው ያንሳል ለማለት መጀመሪያ ለምን ሥራ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የሕዋስ ዓይነት መብዛትም እንዲሁ ነው። ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር ፍጥረት 12 ዓይነት የቀለም ተቀባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሙከራ ግን የተቀራረቡ ቀለሞችን በመለየት ከሰው በብዙ እንደሚያንስ አሳይቷል፤ እኛ በጥቂት ናኖሜትር የሚለያዩትን ስንለይ እሱ ከ10 በላይ ልዩነት ይፈልጋል። ሬቲናው ብዙ ቢቀበልም እንደ እኛ አያነጻጽርም። ባሕር ድረስ መሄድ ካላስፈለገ ደግሞ ደጃችን ላይ ዶሮ አለች። አራት ዓይነት ነጠላ ኮን አላት፤ አንዱ እኛ ወደማናየው አልትራቫዮሌት ያዘነበለ ነው። አብዛኞቹ ኮኖቿ ላይ እንደ መነጽር የሚያገለግል ባለቀለም የዘይት ጠብታ ተቀምጧል። በቀለም ከእኛ ትበልጣለች። ሮዶቿ ግን ከኮኖቿ ያነሱ ስለሆኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጧን ትፈልጋለች። ጉጉት ደግሞ ያኔ ይነሣል፤ የእሱ ሬቲና በሮድ የተሞላ ነው። ማክስ ሹልትስ እ.ኤ.አ. በ1866 ሮድ ለሌሊት ኮን ለቀን መሆኑን የደረሰበት የቀንና የሌሊት እንስሳትን ሬቲና ጎን ለጎን አስቀምጦ በማየት ነው። ማወዳደር እንዲህ ሲሆን ያስተምራል።

ዳፍንትን በተመለከተ ጸሐፊው «የሰው ልጅ ዓይን ለቀን ስለተሠራ ሲመሽ መደናበር የተለመደ ነው» ብለዋል። ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ።

ጤነኛ የሰው ሮድ ደካማ አይደለም። አንዲት የብርሃን ቅንጣት እንኳ ልትቀሰቅሰው ትችላለች። ሄክት፣ ሽሌርና ፒረን እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳዩት፣ ጨለማ የለመደ ዓይን ጥቂት፣ ከአሥር ብዙም የማይርቁ ቅንጣቶች ሲይዝ ብልጭታ ያያል። ይህን የሚሠራው ሮዶፕሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ብርሃን የሚይዘው ክፍሉ የሚሠራው ደግሞ ከቫይታሚን ኤ ነው። ጆርጅ ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ይህን በማረጋገጡ ነው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ሲመሽ ማየት አለመቻል ነው። ይህም የሰው ብቻ አይደለም። በጋው ረዝሞ ገለባ ብቻ የበላ ከብትም ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሲመሽ ከአጥርና ከግንድ ይጋጫል፤ ለምለም ሣር ሲያገኝ ይሻለዋል። ጸሐፊው እንስሳት የሌላቸው የሰው ድካም ያሉት፣ እንስሳትና እኛ የምንጋራው ጉድለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤቴ የአራት ዓመት ልጅ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄድ ነበር። እናቱ፣ «እንቅልፉ ሲመጣ ነው፣ ቀን ላይ ምንም አይለውም» ትላለች። አንድ ማታ በራችን ላይ ቆሞ እጄን ዘረጋሁለት፤ እጄ ከፊቱ ሁለት ክንድ አይርቅም፤ አላየውም። በማግስቱ አብረን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የቫይታሚን ኤ ጉድለት ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ወሰደ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማታ ከእኔ ልጆች ጋር ሲሯሯጥ አየሁት። ቢቆይ ኖሮ ነገሩ ዳፍንት ብቻ ሆኖ አይቀርም ነበር፤ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ያኔ የጠፋው አይመለስም።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ሌላውን እርማት በፈለጉት ጊዜ ያድርጉት፤ የዳፍንቱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሱት፣ በምትኩም ይህን ይጻፉ፦ ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ያለው ወላጅ ነገ ሳይል ጤና ጣቢያ ይውሰደው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ እንክብል እንዳያመልጠው። መጠኑን ባለሙያ ይወስን፣ ሲበዛም ይጎዳል። ጉበት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ከገበያችን የማይጠፉ ናቸው። ምግቡ ተስተካክሎም ዳፍንቱ ካልለቀቀ በዘር የሚወረስ የሬቲና ሕመም ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም ይየው።